የሰመራ የክፍል ሙቀት

ሰመራ ላይ የኢተር ጠርሙስ መክፈት ድፍረት ይጠይቃል። ኢተር ሠላሳ አምስት ዲግሪ አካባቢ የሚፈላ ፈሳሽ ነው። የላቦራቶሪያችን ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ቴርሞሜትር ደግሞ ግንቦት ከገባ በኋላ ከአርባ በታች ሲወርድ አይቼው አላውቅም። ክዳኑን ትንሽ ስታላሉት ጠርሙሱ ፍስስ ብሎ ይተነፍስባችኋል፤ እጃችሁን ካላፈጠናችሁ የፈለጋችሁት ነገር ወደ አየር ይሄዳል። እኔ ግን በዚህ አልማረርም ነበር። ሲፈጥረኝም ችኩል ነኝ። ሻይ ቤት ገብቼ ሻዩ እስኪመጣ እንኳ ተነስቼ እቀመጣለሁ፣ ተቀምጬ እነሳለሁ። እናቴ ከልጅነቴ ጀምሮ "አንች ልጅ፣ ከሥርሽ ፍም አለ እንዴ?" ስትለኝ ነው የኖረችው።

የሁለተኛ ዲግሪዬን የምሠራው በኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ነው። የመመረቂያ ሥራዬ ርዕስ ሲጻፍ ሁለት መስመር ሙሉ ይይዛል፤ ሲነገር ግን አጭር ነው። ከከርቤ ውስጥ አንድ አሲድ አውጥቼ ወደ አማይድ መቀየር ነው። ከርቤ ቁስል ላይ እንደሚደረግ ያልሰማ ሰው የለም። እኛ ልናውቅ የፈለግነው፣ በውስጡ ያለው አሲድ ጫፉ ቢቀየር ቁስል የሚያመረቅዘውን ጀርም ይበልጥ ይገድል እንደሆነ ነው። ከርቤውን የሚያመጡልኝ ከጅቡቲ የሚመለሱ ሾፌሮች ነበሩ። ሰርዶ ላይ ሲያርፉ ይገዙና ሰመራ ሲደርሱ በር ላይ ጥለውልኝ ያልፋሉ። እኔን የሚያውቁኝ በእናቴ ነው። እናቴ አዋሽ ሰባት ኪሎ ላይ የሾፌሮች ምግብ ቤት አላት። ከወሎ በሙሽርነት መጥታ ከአባቴ ጋር ከፈተችው፤ አባቴ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ይዛዋለች። የምትኖረውም እዚያው ከወጥ ቤቱ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ነው።

ጉልበቷ ግን አልታዘዝ ካላት ቆይቷል። እኔ አንድ ልጇ ነኝ። ስለዚህ በመካከላችን የነበረው ውል ግልጽ ነበር። ትምህርቱን ከጨረስኩ መንገዴን እቀጥላለሁ፤ ካልጨረስኩ አዋሽ ተመልሼ ምግብ ቤቱን እረከባለሁ። ምግብ ቤቱን አልንቀውም። ያሳደገኝ እሱ ነው። ገና ፊደል ሳልለይ የከባድ መኪናን ድምፅ ከሩቅ ለይቼ "ይሄ ባዶውን ነው፣ ይሄ ጭኗል" እል ነበር። ግን ያ ሁሉ መኪና ይመጣል፣ ይበላል፣ ይሄዳል፤ እኛ እዚያው ነን። ባንኮኒው ኋላ አንዴ ከተቀመጥኩ እንደማልነሳ አውቀው ነበር። እፈራው ነበር፤ ሌላ ቃል የለኝም።

ስለ አሲዱ ትንሽ ልበል። ካርቦክሲሊክ አሲድ የሚባሉት ሁሉ ጫፋቸው ላይ አንድ ካርቦን አላቸው። ካርቦኑ ሁለት ኦክስጅን ይዟል፤ ከሁለቱ በአንዱ ላይ ሃይድሮጅን ተንጠልጥላለች። ይህች ጫፍ ለኬሚስት ሀብት ናት። ከአልኮል ጋር ስትገናኝ ኤስተር ትሆናለች፤ ኦክስጅን ሲነጥቋት ራሷ አልኮል ትሆናለች፤ አሚን የሚባለው ናይትሮጅን ያለበት ውህድ ሲገባባት አማይድ ትሆናለች። የሽቶው መዓዛ፣ የናይለኑ ገመድ፣ የትኩሳቱ ክኒን፣ ብዙው እንዲህ ካለ ለውጥ የመጣ ነው። የአንደኛ ዲግሪ ተማሪዎች ቀስቶቹን በቃላቸው ይዘው ፈተና ላይ ይሥሏቸዋል፤ ቀስት መሣል ደግሞ ማንንም አያደክምም።

ብልቃጥ ውስጥ ግን ነገሩ ሌላ ነው። አሲዱንና አሚኑን እንዲሁ ብትቀላቅሏቸው አሲዱ ሃይድሮጅኑን ለአሚኑ ይሰጥና ሁለቱም ጨው ሆነው ቁጭ ይላሉ። ከሎጊያ ወደ ሰመራ በሚመጣ ሚኒባስ መጨረሻ ድረስ የሚሄድ ተሳፋሪ ወንበር እንደያዘባችሁ ቁጠሩት፤ ብትቆሙበት፣ ብትገላመጡት አይነሳም። ያለው ዘዴ በእሱ ቦታ ቅርብ የሚወርድ ሰው ማስቀመጥ ነው። ያኛው "ወራጅ አለ!" ብሎ ሲነሳ አሚኑ ይቀመጣል። እኔ የመረጥኩት ቅርብ ወራጅ ድብልቅ አንሃይድራይድ ይባላል። አሲዱን በበረዶና በጨው ታቀዘቅዛላችሁ፣ ሌላ ፈሳሽ ጠብታ በጠብታ ትጨምራላችሁ፣ የአሲዱ ጫፍ ለመልቀቅ ዝግጁ ይሆናል። የምከተለው ጽሑፍ ከዚያ ቀጥሎ የሚለው አጭር ነገር ነበር፤ ወደ ክፍል ሙቀት እስኪመጣ ተወው፣ ከዚያ አሚኑን ጨምር።

እንደተባለው አደረግሁ። የዩኒቨርሲቲው የበረዶ ማሽን ያኔ ይሠራ ነበር፤ ጨው ደግሞ አፋር ላይ አይቸግርም። ብልቃጤ ከዜሮ በታች ወረደ፣ ጠብታው ገባ፣ ሁሉም ሰላም ነበር። ከዚያ ከበረዶው አውጥቼ ቬንትሌተሩ ሥር ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩትና ወጣ ገባ ማለት ጀመርኩ። ጥቂት ቆይቶ ትንንሽ አረፋ ይንፈቀፈቅ ያዘ። አሚኑን ገና አልጨመርኩም፤ ግን አንድ ነገር እየተንቀሳቀሰ ነውና ደስ አለኝ። የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ ደስ ይለኛል። ከዚያ አሚኑን ጨመርኩ፤ በማግሥቱ አጥርቼ አደረቅሁትና የመለኪያ ማሽኑን ውጤት በወረቀት ለአማካሪዬ ወሰድኩለት።

አማካሪዬ ከደጋ መጥቶ ሰመራ ላይ ብዙ ዓመት የኖረ ዝምተኛ ሰው ነው። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘንበል አድርጎ አየው።

"ይሄ ኤስተር ነው" አለኝ።

"አማይድ ነበር የፈለግነው፣ ዶክተር።"

"የፈለግነውንማ አውቃለሁ" አለና ፈገግ አለ። "ዕቃሽ እርጥብ ነበር እንዴ?"

ዕቃዬን ሁሉ እንደገና አደረቅሁ፣ ፈሳሾቹን እንደገና አጣራሁ፣ አዲስ አሚን ከአዲስ አበባ አስመጣሁ። ሁለተኛውም ኤስተር ሆነ። አልኮል ማንም አልጨመረም፤ ኤስተሩ ከየት እንደመጣ ሁለታችንም ግራ ገባን። ከአሲዱ የቀረችኝ አንድ ጊዜ ለመሥራት የምትበቃ ብቻ ነበረች። ከከርቤው እንደ አዲስ ማውጣት ወራት ይፈጃል፤ እኔ ደግሞ ጊዜዬን ጨርሼ በተጨማሪ ጊዜ ላይ ነበርኩ። አማካሪዬ እየከበደው፣ ይህ ወር ካለፈ ኮሚቴው ፊት የሚያቀርብልኝ ነገር እንደማይኖር ነገረኝ። በንዴት ላቦራቶሪውን ቆልፌ ወጣሁና ያገኘሁት ሚኒባስ ላይ ተሳፍሬ አዋሽ ሄድኩ። ለምን እንደሄድኩ እንኳ በትክክል አላውቅም። መቀመጥ ስላልቻልኩ ነው።

አዋሽ የደረስኩት ሲመሽ ነበር። እናቴ ገና ስታየኝ ገብቷታል።

"አልሆነም?"

"አልሆነም።"

"በቃ ኸይር ነው" አለችኝ።

ኸይር ነው የሚለው ቃል ከአፏ ሲወጣ ደሜ ፈላ። ደስ ያላት መሰለኝ። እራት አቀረበችልኝ፣ ስለ ጉልበቷ ነገረችኝ፣ ወጥ ሠሪዋ ባትኖርላት ኖሮ ዘግታው እንደነበር ነገረችኝ፣ የማዶው ሆቴል አዲስ ቀለም እንደተቀባ ነገረችኝ። ሁሉም ወሬ ዞሮ ዞሮ እኔን ባንኮኒው ኋላ የሚያስቀምጥ ነበር። "አንች ብትኖሪማ" ትላለች፣ ትቆምና ወጡን ትጨልፋለች። እኔ አፌን በእንጀራ እሞላለሁ።

ጠዋት ሾፌሮቹ ገና ፊታቸውን ሳይታጠቡ ፉል ያዛሉ። ላግዛት ወጥ ቤት ገባሁ። እናቴ የቅቤውን ጣሳ ከመደርደሪያው አወረደች፣ በማንኪያ ቆረሰች፣ ፉሉ ላይ ጣል አደረገችው። ቅቤው እንደተቆረሰ ቁጭ አለ። አፍጥጬ አየሁት።

"እማዬ፣ ይሄ ቅቤ ፍሪጅ ውስጥ ነው ያደረው?"

"ኧረ እዚሁ መደርደሪያው ላይ ነው። ምነው?"

"ረግቷል።"

"ጠዋት አይደል እንዴ! ቀን ሲሞቅ ይቀልጣል። ምን ሆነሻል፣ ቅቤ አይተሽ አታውቂም?"

ሰመራ ላይ ቅቤ በማንኪያ ቆርሼ አላውቅም። ሰመራ ላይ ቅቤ ከጠርሙስ ይቀዳል፤ ጠዋትም ማታም ዘይት ነው። ያን ጊዜ ነገሩ ወለል ብሎ ታየኝ። ያንን ጽሑፍ የጻፉት ሰዎች የሚኖሩት ብርድ አገር ነው። የእነሱ የክፍል ሙቀት ሃያ ዲግሪ ነው። የእኔ ክፍል አርባ ሁለት ነበር። ደግሞ ቴርሞሜትሩ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ዓይኔን ሲወጋኝ ነው የከረመው። እኛ ሰመራ ያለን ሰዎች ሙቀት የምንለው ውጭ ያለውን ብቻ ነው። ከፀሐዩ ሸሽተን ቬንትሌተር ሥር ስንገባ "እፎይ፣ እዚህ እንኳ ቀዝቃዛ ነው" እንላለን። ያ ቀዝቃዛ የምንለው አርባ ዲግሪ መሆኑን የሚያስታውስ የለም። አማካሪዬም እንደኛው ሆኗል፤ ሠላሳ ስድስት ሲሆን ሹራብ የሚያምረው ሰው ነው።

አረፋውም ገባኝ። ድብልቅ አንሃይድራይድ ሲሞቅበት አሚኑን አይጠብቅም። የካርቦን ጋዙን ይተፋና ራሱን በራሱ ኤስተር አድርጎ ያርፋል። እኔ አሚኑን ይዤ ስመጣ ወንበሩ ተይዞ አልቋል። ያን ሲንፈቀፈቅ ደስ ያለኝ አረፋ ሥራዬ ሲበላሽ ነበር። ፉሉን ትቼ ቦርሳዬን አነሳሁ።

"ቁርስሽን ጨርሽ እንጅ!" እናቴ በሩ ላይ ደረሰችብኝ። "ማታ መጥተሽ ጠዋት? ሰው ምን ይላል?"

"እማዬ፣ ገባኝ! ለምን እንደማይሆን ገባኝ!"

"ምኑ?"

ላስረዳት አልቆምኩም። እስከ ሰመራ ድረስ መኪናው ውስጥ እግሬ ሲንቀጠቀጥ ነበር፤ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት መጨረሻ ላይ ጉልበቴን በእጇ ያዝ አድርጋ "እህቴ፣ ሾፌሩ ያደርሰናል" አለችኝ።

አማካሪዬ ስነግረው መጀመሪያ ዞሮ ቴርሞሜትሩን አየ። ቀጥሎ እጁን አናቱ ላይ ጫነና ለረጅም ጊዜ ሳቀ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው። ወዲያው ዕቅድ አወጣን። ብልቃጡ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ከበረዶ አይወጣም። አሚኑም እዚያው በረዶ ውስጥ እያለ ይገባል። ይህ አሲድ ደንዳና ነው፤ ወንበሩ አካባቢ መተላለፊያው ጠባብ ስለሆነ አሚኑ ቀስ ብሎ ነው የሚገባው። ስለዚህ ለብዙ ሰዓት መቀዝቀዝ አለበት፤ ብዙ በረዶ፣ በላይ በላይ የሚለወጥ በረዶ ያስፈልጋል። ለበረዶ ማን ይጨነቃል፣ ማሽኑ አለ አልን።

በማግሥቱ መብራት ሄደ። ወደ እኛ በሚመጣው መስመር ላይ ብልሽት ደርሷል፣ ዛሬ ይመጣል፣ ነገ ይመጣል ይባላል፤ አይመጣም። የዩኒቨርሲቲው ጀነሬተር በሥራ ሰዓት አንዳንዱን ጠረጴዛ ያንቀሳቅሳል እንጂ የበረዶ ማሽኑን አይችለውም። ባጃጅ ይዤ ሱቅ ለሱቅ ዞርኩ። በደህናው ጊዜ እያንዳንዱ ኪዮስክ ለሾፌሮች ውሃ በሃይላንድ ፕላስቲክ ሞልቶ በረዶ ያደርግ ነበር። አሁን ሁሉም ፍሪጁን ከፍቶ ይወለውላል። ሎጊያ ድረስ ወረድኩ።

"በረዶ አለ?"

"እህቴ፣ እንኳን በረዶ ውሃውም ሻይ ሆኗል። ስኳር ልጨምርልሽ?"

የራሱ ጀነሬተር ያለው አንድ ሆቴል አዘነልኝና አንድ ጭብጥ በረዶ በፌስታል ሰጠኝ፤ ዩኒቨርሲቲው በር ሳልደርስ ውሃ ሆነ። ቀኖቹ ይሄዳሉ። እኔ አልጋዬ ላይ ጋደም እላለሁ፣ እነሳለሁ፣ ደጅ እወጣለሁ፣ ሙቀቱ ይመልሰኛል። የሠራሁት ስህተት ምን እንደሆነ አውቄው፣ መድኃኒቱንም አውቄው፣ በበረዶ ምክንያት ልወድቅ ነው። እንደዚያ ያለ ንዴት በሕይወቴ አላውቅም።

ከመግሪብ በኋላ እናቴ ደወለች። ድምፄን ስትሰማ ደግሞ ያንኑ ነገር ልትጀምር መሰለኝ፤ ቀደምኳት።

"ደስ ይበልሽ፣ እማዬ። በረዶ አጥቼ ልመጣልሽ ነው። ቦታዬን አዘጋጅልኝ።"

ከኋላዋ የሳህን ድምፅ ይሰማል።

"ምን አጥተሽ?"

"በረዶ! መብራት የለም። በረዶ ቢኖር እሠራው ነበር። በረዶ የለም፣ በቃ።"

"በረዶ ከተገኘ ይሆናል?"

"ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል። ከከርቤው ያወጣኋት ዱቄት ለአንድ ጊዜ ብቻ ነው የምትበቃው። ለምን ትጠይቂኛለሽ?"

"ስንት በረዶ?"

"ብዙ!" አልኩና ዘጋሁባት። ወዲያው ቆጨኝ። ግን መልሼ አልደወልኩም።

በሁለተኛው ቀን ቀትር ላይ ስልኬ ጮኸ። እናቴ ነበረች። "ከበሩ ላይ ነኝ፤ ዘበኛው አላስገባም አለኝ" አለችኝ። የትኛው በር እንደሆነ ለመረዳት ጊዜ ወሰደብኝ። እናቴ ሰመራን ረግጣ አታውቅም። ጉልበቷ ከታመመ ወዲህ ሚኒባስ እንኳ መውጣት ትፈራለች። እየሮጥኩ ስደርስ በሩ ላይ አንድ ከባድ መኪና ሞተሩን ሳያጠፋ ቆሟል፣ እናቴ ሻርፗን አጥብቃ ዘበኛውን እየተቆጣች ነው፤ ሾፌሩ ሁለት ትልልቅ የለስላሳ ማቀዝቀዣ ሳጥኖች ከጋቢናው ያወርዳል። ሳጥኖቹ በሰጋቱራና በጆንያ ተጠቅልለዋል። ውስጣቸው እስከ አፋቸው ድረስ በረዶ የሆነ ሃይላንድ ነው።

ሾፌሩ ላቡን ጠረገና ሳቀብኝ። "አቦ እናትሽ አስቸጋሪ ናት! የእኔን አልጋ ለበረዶው ሰጥታ ከአዋሽ እስከዚህ መስኮት አላስከፈተችኝም። ኤሲው ወደ እኔ ሲነፍስ ወደ ሳጥኑ ታዞረዋለች። ሚሌ ላይ ምሳ ልብላ ብላት በረዶው ይቀልጣል ብላ አስነሳችኝ።"

"ጅቡቲ ስትደርስ ትበላለህ፣ ልጄ" አለች እናቴ። "አላህ መንገድህን ያቅናልህ።"

ሳላመሰግናት አንዱን ሳጥን ከፈትኩ። ማቀፍም አልቻልኩም፤ የምናገረው ሁሉ በረዶ በረዶ ነበር። አማካሪዬ ደርሶ ሳጥኑን በራሱ እጅ ተሸከመ። "እማማ፣ ይግቡ" ብሎ ወንበር ላቦራቶሪው በር ላይ አኖረላት፣ የመከላከያ መነጽር አደረገላት። በሻርፕና በመነጽር ሆና ስትቀመጥ ሳቄ መጣ። ከዚያ እሷ ጆንያውን መሬት ላይ ዘርግታ ሃይላንዶቹን በመዶሻ መስበር ጀመረች፤ ጉልበቷን እንደታመመች ተንበርክካ፣ ማንም ሳያዛት። እኔ የተሰበረውን ሰብስቤ ጨው ስበትንበት በረዶው ውስጥ የከተትኩት ቴርሞሜትር ዜሮን አለፈ፣ ከዚያም በታች ወረደ።

ያችን የቀረችውን አሲድ ከብልቃጡ ጋር በረዶው ውስጥ አስቀመጥኳት። ጠብታው ገባ። አረፋ ይመጣ እንደሆነ አጎንብሼ አየሁ። አረፋ አልነበረም። እዚያው በረዶው ውስጥ እያለ አሚኑን ጨመርኩ። ከዚያ በኋላ የቀረው መጠበቅ ብቻ ነው። መጠበቅ ደግሞ የማልችለው ሥራ ነው። ከመስኮቱ ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ ጠረጴዛው ተመላለስኩ። ሰዓቴን አየሁ፣ ሳላነበው መልሼ አየሁት።

"ተቀመጭ" አለችኝ እናቴ መቁጠሪያዋን ሳታቆም። "ስትዞሪ ክፍሉን ታሞቂዋለሽ።"

አማካሪዬ አንገቱን ደፍቶ ሳቀ። ከእናቴ ወንበር አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። በረዶው ውሃ ሲሆን ትነሳና አዲስ ትሰብርልኛለች፤ እኔ እቀዳለሁ፣ እጨምራለሁ፣ ጨው እበትናለሁ። አስር ሰዓት አካባቢ ሁለተኛውን ሳጥን ከፈትን። በመሀል ሰላቷን ጥግ ላይ ሰግዳ ተመለሰች። አንዴ ብቻ "ይሄ ነገር ቁስል ያድናል?" ብላ ጠየቀችኝ። "ገና አይታወቅም" አልኳት። "ኢንሻአላህ ያድናል" አለች።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አማካሪዬ "እንየው" አለ። ውህዶች የሚለዩባት ስስ ሳህን ላይ ከመጀመሪያው አሲድ አንድ ነጥብ፣ ከተበላሸው ኤስተር አንድ ነጥብ፣ ከአሁኑ አንድ ነጥብ አደረግሁ። ፈሳሹ ሳህኗን ቀስ እያለ ሲወጣ ነጥቦቹን እያንዳንዳቸውን ወደየቦታቸው ይወስዳቸዋል። በባትሪ የሚሠራው መብራት ሥር ያዝኳት። ኤስተሩ በሚቆምበት ከፍታ ላይ የአሁኑ ሥራ ምንም አልነበረውም፣ ባዶ ነው። አሲዱም አልቋል። አዲስ ነጥብ በሌላ ቦታ፣ ከኤስተሩ ዝቅ ብሎ ተቀምጧል።

አማካሪዬ ሳህኗን ከእጄ ወሰዳት፣ አገላብጦ አያት። "ነገ መብራት ሲመጣ በማሽኑ እናረጋግጣለን" አለ። "እኔን ከጠየቅሽኝ ግን አማይድ ነው።" እጁን ዘርግቶ ጨበጠኝና ስለ ጀነሬተሩ ሊነጋገር ወጣ።

"ሆነ?" አለች እናቴ።

"ሆነ፣ እማዬ።"

"አልሐምዱሊላህ። አልሐምዱሊላህ።" መነጽሩን አውልቃ ዓይኗን በሻርፗ ጠረገች።

ደስታዬ ወዲያው ሌላ ነገር ይዞብኝ መጣ። ሆነ ማለት አዋሽ አልመለስም ማለት ነው። በራሷ በረዶ፣ በራሷ ጉልበት ልጇን ለራሷ እንዳትሆን አደረገች። ፊቷን ማየት ከበደኝ።

"እንግዲህ አልመጣም ማለት ነው" አልኳት። "ቅር እንዳይልሽ።"

"ወዴት ነው የምትመጭው? ቤቱን አከራይቸዋለሁ።"

የሰማሁትን አላመንኩም። "የትኛውን ቤት?"

"ምግብ ቤቱን። ለወጥ ሠሪዋ። ትናንት በረዶውን እያረጋሁ ተነጋገርን፣ ቁልፉንም ሰጠኋት።"

"ትናንት? ይሁን አይሁን ሳታውቂ?"

"ምን አውቄ? ያንች ነገር ለኔ ይገባኛል እንዴ!"

"ባይሆንልኝስ ኖሮ?"

እናቴ የቀረውን የበረዶ ውሃ ከጆንያው ላይ በእጇ ገፋ ገፋ አደረገችው።

"ባይሆንልሽም እዛ አትገቢም" አለችኝ። "ስልክ ላይ ቦታዬን አዘጋጅልኝ ስትይኝ ድምፅሽን ሰማሁት። መቃብር የሚገባ ሰው ነው እንደዛ የሚናገር። እኔ ልጅ ነው የወለድኩ፤ ሳህን አንሽ አይደለም።"

ሳላውቀው እያለቀስኩ ነበር። ስንት ዓመት ከዚያ ቤት ስሸሽ፣ ከኋላዬ የምታሯሩጠኝ እሷ ትመስለኝ ነበር። ስልኩን በዘጋሁባት ማግሥት እሷ ለእኔ በሩን ስትዘጋልኝ ነበር፤ እንዳልመለስበት። ያኔ ነው የራሷ ነገር ትዝ ያለኝ።

"ክፍልሽስ?" አልኳት። "ጓሮ ያለችው ክፍልሽ?"

"ቤቱን ከነክፍሏ ነው ያከራየሁት። ተለያይቶ አይከራይም።"

"ታዲያ አንች የት ልትኖሪ ነው?"

ቀና ብላ አየችኝ፤ ጥያቄውን ያኔ ገና እንደሰማችው ያስታውቅባታል።

"እሱንስ አላሰብኩትም" አለችኝ።